«ደህና ናት» ያልኩ ዕለት

ልጅ እያለሁ ሰዓት ማንበብ የተማርኩት ትምህርት ቤት ሳይሆን ጫካ ውስጥ ነው። ያስተማረችኝም እናቴ ናት። ከቀጨኔ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስንወጣ፣ ባሕር ዛፉ መሃል እሷ እየሮጠች ያበጀችው ክብ መንገድ ነበር። ማሰሪያው የተበጠሰ የአባቴን የእጅ ሰዓት መዳፌ ላይ ታስቀምጥና «ትርሴ፣ ረጅሙ ቆጣሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ጮክ ብለሽ ጥሪኝ» ብላኝ ትሄዳለች። ከዛፎቹ ኋላ ትጠፋለች። እኔ ዓይኔን ከሰዓቱ ሳልነቅል እጠብቃለሁ። አሥር ዓመቴ ነበር። ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን ከካርቶን የተሠራውን ሰዓት ከፍ አድርጋ ስትጠይቅ ከሁሉም ቀድሜ እጄን የማወጣው ለዚህ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን ጎበዝ እመስላቸው ነበር።

ሦስት ልጆች ነበርን። እኔ ትርሲት፣ አራት ዓመት የሆነው ወንድሜ ናቲ፣ ገና ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረችው እህታችን ማሂ። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ማሂ ክርስትና በተነሳች ሰሞን ለሥራ ብሎ ወደ ክፍለ ሀገር ወጣና በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ላይ ከቅያሳችን መጨረሻ ባለው የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ስልክ ይደውል ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። በኋላ እማዬ ጨው ልትገዛ የሄደች መስላ ሱቁ ደጃፍ ትቆማለች፤ ጋሽ ሸምሱም ሳትጠይቃቸው «ዛሬም አልደወለም፣ ሸዋዬ» ይሏታል።

እማዬ ሯጭ ነበረች። እኔን ከመውለዷ በፊት በአንድ ክለብ ውስጥ ደመወዝ እየተከፈላት ትሮጥ ነበር፤ እኔን ስታረግዝ ከክለቡ ወጣች። የቤት አከራያችን እማማ በለጡ ስለ እሷ ሲያወሩ «ሮጣ ሳትጠግብ የወለደች» ይላሉ። ሰው ይህን የሚለው ስለ ልጅነት ነው። በእናቴ ግን ነገሩ እንዳለ እውነት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሮጣም አልጠገበችም፣ በልታም አልጠገበችም።

አባታችን ከቀረ በኋላ የሰው ልብስ እያጠበች ታበላን ጀመር። የእጇ ቆዳ በሳሙናና በበረኪና ተልጦ፣ ሹሩባ ስትሠራኝ ጣቶቿ ፀጉሬን እየያዙ ያሳምሙኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከድሮ አሰልጣኟ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አይቷት፣ «ለአጭሩ ርቀት ጊዜሽ አልፏል። ማራቶን ግን የጽናት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ማጣሪያ አለን፤ ከሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት በታች ከገባሽ እወስድሻለሁ» አላት። ቤት የመጣችው እየሮጠች ነው። በሩ ላይ ቆማ እያለከለከች «ትርሴ፣ ልብስ ማጠብ ሊቀር ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «ሁለት ከአርባ አምስት» እንደ ጸሎት ይደጋገም ጀመር። ናቲ እንኳ በቅጡ መቁጠር ሳይችል «ሁለት ከአርባ አምስት!» እያለ በፓንት ብቻ ቅያሱን ሽቅብ ቁልቁል ይል ነበር።

እኛን የምትተውለት ሰው አልነበራትም። ስለዚህ ይዛን ወጣች። ጎህ ሲቀድ ማሂን አዝላ፣ ናቲን በእጇ ይዛ፣ እኔ በሶ የተበጠበጠበትን ጠርሙስና አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ዳገቱን እንያያዘዋለን። ያ ዳገት ባዶ እጁን የሚወጣውን ሰው እንኳ ያስለከልካል። የሰፈራችን ሸክላ ሠሪዎች ገና እሳት አላነደዱም፤ እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ይሸታል። ጫካው ስንደርስ ብርድ ልብሱን ከአንድ ዛፍ ሥር ታነጥፍልንና ትሄዳለች። ማሂ እናቷ ከዓይኗ ስትጠፋ ታለቅሳለች፤ ዙሩን ጨርሳ ብቅ ስትል ሁለት እጆቿን ትዘረጋለች። እማዬ ግን ወደኛ ሳትዞር ታልፋለች። ለምን እንደማታየን አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«ካየኋችሁ እቆማለሁ» አለችኝ።

እኔና ናቲ ጠጠር ለቅመን ቅልልቦሽ እንጫወታለን። እጃችን በብርድ ስለሚደነዝዝ ጠጠሩ እያመለጠን እንጣላለን። አምስት ስድስት ዙር ስትሮጥ እማዬ ትቆምና ማሂን ታጠባለች። ቆማ ነው የምታጠባት፤ ከተቀመጠች እግሯ ይተሳሰራል። ቲሸርቷ ከፊት በወተት፣ ከኋላ በላብ ይርሳል። የላቡ ጨው ይመራት ነበር መሰለኝ፣ ማሂ ጡቷን ስትይዝ ፊቷን ታጨማድዳለች። እንጨት ተሸክመው ከላይ የሚወርዱ እናቶች ሸክማቸውን ዛፍ አስደግፈው ያዩናል። አንዷ አንድ ቀን ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ይቺ ሴት ከማን ነው የምትሸሸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለሁለት ከአርባ አምስት ነው» አልኳት። ምን እንደገባት እንጃ፤ ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጠችኝ።

ከጫካ መልስ ሁለቱን ሕፃናት ይዛ ወደ ልብስ አጠባዋ ትሄዳለች። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ደወል እስኪደርስ ልብስ እያሰጣሁ አግዛታለሁ፤ ክፍል ስገባ እንቅልፍ ዴስኩ ላይ ይደፋኝ ነበር። እማዬ እያየኋት ከሳች። ጉንጯ ገባ፣ የአንገቷ አጥንት ወጣ። ምሳ ሲቀርብ «እኔ በልቻለሁ» የምትለው ነገር ነበራት። የት እንደበላች ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቅ ከድርሻዬ ላካፍላት ነዋ። ረሃብ ልጅን እንደዚያ ያደርገዋል።

እማማ በለጡ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያዩት ነገር ግን አላስቻላቸውም። አንድ ቀን ነጠላቸውን እያጣፉ በራችን ላይ ቆሙና፣ «ሸዋዬ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ወይ ልጆችሽን አሳድጊ፣ ወይ ሩጪ» አሏት።

«እማማ፣ እኔ አንዱም ዛፍ ላይ አልወጣሁ። ከሥር ነው የምሮጠው» አለችና ሳቀች። እሳቸው ዞር ሲሉ ግን ፊቷን አየሁት። የሳቀ ሰው ፊት አልነበረም።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነ ሰሞን ነው፣ አንድ ጠዋት ረጅሙ ቆጣሪ ቦታውን አልፎ ሄደ፤ እማዬ ግን አልመጣችም። ተጣራሁ። ዝም። ማሂን አዝዬ፣ ናቲን እየጎተትኩ መንገዷን ተከትዬ ሄድኩ። ጭቃው ላይ በጎኗ ወድቃ አገኘናት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አታየንም። ሞታለች አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ አልነበረም። «እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን የማሳድገው እኔ ነኝ» የሚል ሐሳብ ነበር። ናቲ የበሶውን ጠርሙስ ከፍቶ ፊቷ ላይ ገለበጠባት። ብትት ብላ ነቃች፤ በሶው በአገጯ እየተንጠባጠበ «ምን ዓይነት ልጅ ነህ! ምግብ ይደፋል?» ብላ ተቆጣችው። ከዚያ ሦስታችንንም አቅፋ ጭቃው ላይ ብዙ ቆየች።

ስንወርድ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ደረሰ እኮ ትርሴ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ሰው ምን ሆናችሁ ካለሽ ደህና ነን በይ። ገባሽ?»

ገባኝ። በጣም ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላት እናትሽ እንዴት ናት ለሚለኝ ደህና ናት፤ በሻይ ብቻ ባደርንበት ማግስት እንዴት አደራችሁ ለሚለን ደህና ነን። ዓይኔን ሳላርገበግብ ነበር የምለው። በዕድሜዬ እንደዚያ የሚዋሽ ልጅ ቀጨኔ ውስጥ አልነበረም።

ማጣሪያው እሁድ ዕለት ሆነ። እኛ ቤት እንድንቆይ፣ እማማ በለጡም ከቅዳሴ ሲመለሱ ብቅ ብለው እንዲያዩን ተነጋግራ ነበር። ቅዳሜ ማሂ ስትነጫነጭ ዋለች፤ ጥርስ ሊወጣላት ነው ተባለ። እሁድ ገና ሳይነጋ እማዬ ማሂን አጠባቻትና አጠገቤ አስተኛቻት፤ ከዚያ ጫማዋን ልታስር በሩ ጋ ቁጭ አለች። ማሂን አቀፍኳት። እንደ ፍም ትፋጃለች። ትንፋሿ አንገቴን ለበለበኝ። እማዬ ማሰሪያዋን ሁለት ጊዜ ፈትታ ሁለት ጊዜ አሰረች። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች፣ «ትርሴ፣ ማሂ እንዴት ናት?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን እስካሁን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ትኩሳት አላት ካልኩ ትቀራለች። ከቀረች ሌላ ማጣሪያ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ነገ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ፊት ትንበረከካለች፣ ከነገ ወዲያም። ክረምቱን ሙሉ እየተንቀጠቀጥኩ የቆጠርኩት ደቂቃ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ደግሞ ትኩሳት ምንድን ነው? ናቲም ስንቴ አተኩሶት ድኗል።

«ደህና ናት። ተኝታለች» አልኩ።

«እሺ» አለች። ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ የእግሯ ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጥኩ።

ጨርቅ እያራስኩ የማሂ ግንባር ላይ አደረግኩ። ጨርቁ ወዲያው ይሞቃል። ውሃ በማንኪያ ስሰጣት በአፏ ጥግ ይወርዳል። ከመድኃኔዓለም የቅዳሴው ድምፅ ይሰማ ነበርና እማማ በለጡ የሚመለሱበትን ሰዓት መገመት ጀመርኩ፤ ሩቅ ነበር። ፀሐይ በበሩ ሽንቁር ስትገባ የማሂ ለቅሶ ተለወጠ። ቀጭን ሆነ፤ የእሷ ድምፅ አይመስልም። ከዚያ ዝም አለች። አንገቷ ወደ ኋላ ተቀለሰ፣ ዓይኗ ነጭ ሆነ፣ እጅና እግሯ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

«ማሂ ምን ሆነች?» አለ ናቲ።

የለመደ አፌ «ደህና ናት» ሊለው ነበር። በቃል ፈንታ ጩኸት ወጣኝ። ማሂን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ናቲ በባዶ እግሩ እያለቀሰ ተከትሎኝ፣ ቁልቁል ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሮጥኩ። ጋሽ ሸምሱ የጠዋት ዳቦ ይረከቡ ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩና «ያ አላህ!» ብለው ከእጄ ነጠቋት። ሱቃቸውን አልዘጉም። ዳቦው ደጅ ላይ እንደተቀመጠ፣ ነጠላ ጫማቸውን እያንኳኩ ወደ አስፋልቱ ሮጡ፤ ላዳ አስቁመው ሁላችንንም ጫኑን።

ሆስፒታል ስንደርስ ማሂን ተቀብለው ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ወጣት ሐኪም ወጣችና «የልጅቷ እናት የት ናት?» አለች።

«እየሮጠች ነው» አልኳት።

«ወዴት?»

ጋሽ ሸምሱ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እኔ አመጣታለሁ። ከዚህች ወንበር እንዳትነሱ» አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የውድድሩ መንገድ ለመኪና ስለተዘጋ በእግራቸው ሄዱ። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ስኳርም ነበረባቸው። አስፋልቱ ዳር ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር የሚል ሰሌዳ አጠገብ ቆመው ሯጮቹን ያያሉ። «ልጄ፣ ቆሜ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «በዚህ ባታልፍ ብዬ። እንድትጨርስ። ስትመጣ ደግሞ አየኋት። ቀና ብላ፣ ምንም ሳትንገዳገድ ትሮጣለች። ዝም ልበላት? ልጅቷ በሐኪም እጅ ናት፤ ይቺ ደግሞ አንድ ሰዓት ያልሞላ ነው የቀራት። ግን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ልጅቷ ብትሞትስ? በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ጠሯት። «ሸዋዬ! ማሂ ሆስፒታል ገብታለች!» አልፋቸው ሄደች። አምስት ስድስት እርምጃ። ያልሰማች መሰላቸው። ከዚያ ከግድግዳ የተላተመች ይመስል ቀጥ አለች። ዞራ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቱ ሆስፒታል?» ነገሯት። መኪና የለም። መንገዱን ለቅቃ በሌላው በኩል መሮጧን ቀጠለች።

ስትገባ አየኋት። የውድድሩ ቁጥር ደረቷ ላይ ነበር። ላቡ ደርቆ ፊቷ ነጭ ጨው ሠርቷል። ቲሸርቷ ከፊት በወተት ርሷል፤ የጡት ሰዓቷ አልፎ ነበርና። ዘበኛው እብድ መስላው ሊይዛት ሞከረ። እኔን አልፋ፣ ናቲን አልፋ ገባች። ያን ጊዜም አላየችንም።

ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ሐኪሟ የማሂን እግር በአንድ እጇ እንደያዘች «ትኩሳቱ የጀመራት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ እማዬን አየሁ፤ እማዬ ወለሉን አየች። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ጥሩ ነበር» አለች ሐኪሟ፣ በቁጣም አይደለም፤ በድካም ነው። ሄደች። ያ አረፍተ ነገር አብሮኝ አደገ።

እማዬ ሁለት ሳምንት ከማሂ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፋ ተኛች። እማማ በለጡ እኔንና ናቲን ወስደው አበሉን፤ ስለ ሁለት ዛፍም ዳግመኛ አንስተው አያውቁም። ማሂ ዳነች። ዓይኗ ተከፈተ፣ ጡት ያዘች፣ ሳቀች። የሰፈሩ ሰው እንኳን እግዜር ማረልሽ ሊላት ቤታችንን ሞላው። አሰልጣኙ ጋ ሄዳ የሆነውን ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። «አዝናለሁ። ያልጨረሰ ሰው ግን ሰዓት የለውም» አላት። አልለመነችውም።

ማሂ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ደጃፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን በጠጠር ስትጫወት፣ ናቲ መደርደሪያ ነክቶ ትልቁ የሸክላ ድስት ከኋላዋ ወድቆ ተሰባበረ። እኔ ዘለልኩ። ናቲ ጆሮውን ያዘ። ማሂ ግን ጠጠሯን መልቀሟን ቀጠለች። እማዬ ድስቱን ረሳችው። ቀስ ብላ ከኋላዋ ሄዳ አጨበጨበች። ጠራቻት። እንደገና አጨበጨበች። ከዚያ ማሂን በሽንጧ ይዛት ትጮህ ጀመር፤ «ማሂ! ማሂዬ! ማሂ!» እየጮኸች፣ ሸክላው ላይ ተቀምጣ። ማሂ የእናቷ እጅ ሲነካት ዞረችና ሳቀችላት።

ያን ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ምን ነበር ያልሽኝ? ብትለኝ፣ ብትገርፈኝ፣ ይቀለኝ ነበር። አልጠየቀችኝም። በማግስቱም፣ በዓመቱም። የሩጫ ጫማዋን ለልብስ አጠባ አደረገችው፤ እየራሰ እየደረቀ አለቀ። ማሂ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እማዬ እዚያው የጽዳት ሥራ አገኘች። የእጅ ቋንቋውን ከሁላችን ቀድማ የለመደችው እሷ ናት። እኔ ግን በቤታችን ዝምታ ውስጥ የራሴን ድምፅ እየሰማሁ አደግኩ። «ደህና ናት። ተኝታለች።» ትዳር ይዤም፣ ወልጄም፣ ይህ ቃል እኩለ ቀን ላይ ሥራ ቦታ ይመጣብኛል፤ እጄ ከኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል።

ባለፈው እሁድ ልጆቼን፣ እማዬንና ማሂን ይዤ በዚያው ጫካችን ወደ ተሠራው የእጽዋት ማዕከል ወጣሁ። ያኔ በጭቃ የምንያያዘውን ዳገት አሁን መኪና ይወጣዋል። በር አለው፣ ወንበር አለው፣ በየዛፉ ሥር ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ሣሩ ላይ ተቀምጠን አንዲት ወጣት ሴት እየሮጠች በፊታችን ታልፋለች፤ ባሏ መንገዱ ዳር ሕፃን ታቅፎ፣ ውሃ ይዞ ይጠብቃታል። በመጣች ቁጥር ቆም ትላለች፣ የሕፃኑን ጉንጭ ትስማለች፣ ትሄዳለች። እማዬ ዓይኗን ከእሷ መንቀል አቃታት። ምን እንዳስደፈረኝ አላውቅም፤ እዚያው ተናገርኩ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ጠዋት ማሂ ስትቃጠል አውቅ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

እማዬ ሣር ትነጫለች። «እኔም አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሳጠባት አፏ እሳት ነበር። ጡቴን ነው ያቃጠለችኝ። እናት ይህ ይጠፋታል?» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ከስንት ዓመት ጀምሮ ለራሷ ስትለው የኖረች ትመስላለች። «የጠየቅኩሽ ላውቅ ብዬ አይደለም። ደህና ናት እንድትይኝ ነው። ብትይኝ እንደምሄድ አውቅ ነበር። በአሥር ዓመት ልጅ አፍ አስብዬ ሄድኩ። ለዚህ ነው ጠይቄሽ የማላውቀው። በምን አፌ?»

ሃያ ምናምን ዓመት እያንዳንዳችን ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ብለን፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ማዕድ ላይ ኖረናል። ተቃቅፈን አላለቀስንም፤ እማዬ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም። እጄን ብቻ ያዘችው፣ የወደቀች ዕለት ከጫካ ስንወርድ ክንዴን እንዳጠበቀችው አጠበቀችው።

ማሂ ግን ፊታችንን አይታ ነበር። ዛሬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእኛ ሁሉ ደስተኛዋም እሷ ናት፤ የሚደበቃት ነገር ደግሞ የለም። ምን ሆናችኋል ብላ በእጇ ጠየቀች። እኔ ልዋሽ አልኩ። ዛሬ ዛሬ ልጄ ትንሽ ሲያተኩሰው እንኳ «ደህና ነው» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ለእሷም አልወጣ አለኝ። እማዬ በእጇ ነገረቻት። ሁሉንም፤ የጠዋቱን ትኩሳት፣ የኔን ውሸት፣ የእሷን ውሸት። ማሂ የእናቷን እጆች እስከ መጨረሻው ተከታተለች። ፊቷ ላይ የማነበው ነገር አጣሁ።

ከዚያ ማሂ አንድ ነገር ጠየቀች። ማናችንም፣ እኔም ናቲም ጋሽ ሸምሱም፣ እማዬን ጠይቀናት የማናውቀውን።

«ስንተኛ ነበርሽ?»

እማዬ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ማሂ ደገመችላት፤ ስትቆሚ፣ ከነበሩት ሁሉ፣ ስንተኛ ነበርሽ? እማዬ ዓይኗ ሞላ። እጇን አነሳችና አራት ጣቶቿን አሳየች።

ማሂ አፏን ያዘች። ከዚያ ተጠግታ ተቀመጠችና ንገሪኝ አለቻት፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እማዬም ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ያን ሩጫ በእጆቿ ትነግራት ጀመር። አነሳሷን፣ በአሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ የነፈሰውን ነፋስ፣ ፊቷ የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ እንዴት እንዳለፈቻቸው፣ እግሯ እንዴት ቀሎ እንደነበር። ልጆቼ ጨዋታቸውን ትተው የአያታቸውን እጆች ያዩ ነበር። ያኔ ከእኛ ተደብቃ የሮጠችውን ዛሬ በፊታችን ሮጠችው። ሠላሳኛው ጋ ስትደርስ እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ማሂ ሁለቱንም ያዘቻቸውና ጉልበቷ ላይ አሳረፈቻቸው።